እኔ የቆምኩት ውሻ አይቼ ነው

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ በሠራችው የስድስት ደቂቃ ፊልም ውስጥ፣ መንገድ ላይ የቆምኩት ውሻ አይቼ ሆኖ ሳለ፣ የፖሊስ መኪና አይቼ እንደቆምኩ ተደርጎ ታየ። በእጄ የያዝኩት ድስትም ክዳኑ ሳይከፈት ፊልሙ አለቀ። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ሰው አረቄ ሻጭ ናት አለኝ።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ካርቱም ምን እንዳየች የሚያውቅ ሰው፣ ስለ አንድ ድስት መጻፍ ምን ይባላል ሊል ይችላል። ይበል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ቤቴ ፈረሰ ይላል፤ እኔም ስሜ የፈረሰበትን ቀን እናገራለሁ።

ካርቱም የኖረች ሐበሻ ሴት ይህ ቃል ምን እንደሚያደርጋት ታውቃለች። መጠጥ መሸጥ እስር ቤት በሚያስገባበት ዘመን ፖሊስ ለአሰሳ ሲወጣ፣ ከሻ የምንለው ማለት ነው፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። ከመካከላችን የሸጡ አሉ። ልጅ ለማሳደግ ነው የሸጡት፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አልሸጥኩም። የሰው ቤት አጥቤአለሁ፣ የሰው ልጅ አዝያለሁ፣ ኋላ ደግሞ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ሸጫለሁ። ያልሠራሁትን ሠራሽ ስባል ዝም ብዬ አላውቅም። በዚህ ነገር ግን ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ያ ነው የከበደኝ።

ፊልሙ ሰውን ያንጠለጥላል ተብሎ ተጨብጭቦለታል። እኔ እናንተን አላንጠለጥልም፤ ክዳኑን አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ድስቱ ውስጥ የነበረው የገብስ አጥሚት ነው። የምወስደውም ለጎረቤቴ ለሐጃ ነበር።

ሐጃና እኔ ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ግድግዳ ነበር የምንኖረው። በሯ ግን በወዲያኛው ቅያስ ስለሆነ እሷ ጋ ለመግባት መዞር አለብኝ። ባሏ በሕይወቱ ሳለ የሰፈራችን መስጊድ ሙአዚን፣ አዛን የሚያሰማው፣ ነበር፤ ከሞተ በኋላም ሰው የሙአዚኑ ሚስት እያለ ያከብራታል። ያን ዓመት ሐኪሙ ስኳር አለብሽ፣ መርፌውን እየተወጋሽ መጾም አትችይም አላት። ሃይማኖቷ ለታመመ ሰው ይፈቅዳል፤ ሼኹም ነግሯታል። እሷ ግን ሰው እንዲያውቅባት አልፈለገችም።

«የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ጾም ያለማመድኩ ሴት፣ በቀትር ሳኝክ ልታይ?» አለችኝ።

ልጇ በጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመለስ፤ ቀኑን ብቻዋን ነች። ማብሰያዋ ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ መንገዱ አፍንጫ ሥር ነው። በረመዳን ቀትር ከእሷ ቤት የድስት ሽታ ቢወጣ ቅያሱ ሁሉ ይሰማል። ከእኔ ቤት ቢወጣ ግን ክርስቲያን ናት ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ እኔ አበስላለሁ፣ ከነጠላዬ ሥር አድርጌ እወስዳለሁ፣ እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ይኸው ነው።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ስለነበር እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ጨዉን በእጄ ግምት ነበር የምጨምረው። ሐጃ አንድ ማንኪያ ትጎርስና ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች።

«ያ ኡኽቲ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ዛሬ ጨዉንም አስጹመሽዋል።»

በማግስቱ ደግሞ «ትላንት የለመንኩሽን ዛሬ በአንዴ አመጣሽው» ትላለች። እየሳቀች ትጨርሰዋለች። ድስቱን አጥባ ትመልስልኛለች። ሌላ ሰው አያውቅም። አደራ አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

የልጅ ልጄ ያን ሰሞን እኔ ጋ ነበረች። የሴት ልጄ ልጅ ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ ቤታቸው ሌላ ሰፈር፣ ጀብራ ነው። አማርኛዋ መንገድ ይጀምርና በዐረብኛ ይጨርሳል። ወጣቶች አጭር ፊልም የሚማሩበት ሥልጠና ገብታ ስለነበር፣ «ሐቦባ፣ ቀንሽን ልቅረጽ» ብላ ስልኳን ይዛ መጣች። ሐቦባ በእነሱ አያት ማለት ነው።

ደስ አለኝ። አዲሱን ነጠላዬን ላወጣ ሳጥን ስከፍት «ላ፣ ላ፣ የሁልጊዜውን» ብላ ከለከለችኝ። ፊቴን አልቀረጸችም። እግሬን ቀረጸች፤ እጄን፣ የነጠላዬን ጥለት፣ ድስቱ ከነጠላዬ ሥር የሠራውን እብጠት።

«ፊቴስ?» አልኳት።

«ፊት ብዙ ይናገራል ሐቦባ። ሰው ፊት ካየ ያርፋል። እኛ እንዲያርፍ አንፈልግም።»

አንድ ቀን ከቤት ልወጣ ስል ከኋላዬ መጥታ «ድስቱ ውስጥ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እሱን አትጠይቂኝ» አልኳት። ምስጢሩ የሐጃ እንጂ የእኔ አይደለም። ቆጣ ሳልል አልቀረሁም። ሁለተኛ አልጠየቀችም፤ እኔም ጨዋ ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት።

እሷም እንደ አባቷ ትጾም ስለነበር፣ ሁለታችንም አፋችን ደርቆ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጥላ ሥር እንቀመጥና የተማረችውን ትነግረኛለች። አጭር ፊልም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚችለው አለችኝ። አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ አንድ ነገር ይከለክለዋል። ሌላ ታሪክ ከደረብሽበት ተመልካቹ ግራ ይገባዋል፤ ግልጽ መሆን አለበት። ጥያቄውን መጀመሪያ ላይ ታሳዪዋለሽ፣ መልሱን ታዘገዪበታለሽ። እያዘገየሽ አደጋውን ታቀርቢያለሽ። ድምፅም አታብዢ፤ የእግር ኮቴ ብቻውን ከሙዚቃ የበለጠ ያስፈራል።

ገባኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ብማርም ይህ አዲስ አልሆነብኝም። ትንሽ ሳለች ተረት ስነግራት ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ዝም እል ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ትስበውና «ከዚያስ? ከዚያስ?» ትላለች። እኔም ትንሽ ቆይቼ በሩን እከፍትላታለሁ። ጅቡን በር ላይ አቁሜ ትቻት የሄድኩበት ቀን የለም።

ፊልሙ የታየው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የጽዋ ማኅበራችንን ሴቶች የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ የልጅ ልጄ ያደረገችውን ይዩልኝ ብዬ በየቤታቸው እየዞርኩ ነገርኳቸው። አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ፣ በሚኒባስ ተጭነን ሄደን፣ ፊት ረድፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

መብራቱ ጠፋ። የእኔ በር ታየ። እግሬ ወጣ። ግራ እግሬ የዛሬ ስንት ዓመት ተሰብሮ ሲጠገን ወደ ውስጥ ዞሮ ቀርቷል፤ ጀሪፍ ውስጥ ያንን እግር የማያውቅ የለም። እግሬ ሄደ። ከነጠላው ሥር እብጠቱ ታየ። እጄ ጥለቱን ሳብ አድርጎ እብጠቱን ሸፈነው። ኮቴዬ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወዲያው የፖሊስ ፒክአፕ ታየ፤ ከኋላው ሰዎች ተጭነውበት ቀስ ብሎ ሲያልፍ። እንደገና እግሬ፤ አይንቀሳቀስም። አዳራሹ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። እኔ ራሴ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እግሩ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ። ከዚያ እግሬ ፈጠን ፈጠን አለ። የሐጃ አረንጓዴ በር ገርበብ አለ። አንዲት እጅ ወጥታ ነጠላዬን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ። በሩ ተዘጋ። ጨለማ። አለቀ።

ከኋላዬ አንድ ወንድ በዐረብኛ «ምን ይሆን ግን?» አለ።

«ምን ሊሆን ነው ወንድሜ» አለው ሌላው። «ሐበሻ ሴት ከነጠላዋ ሥር ምን ትይዛለች ብለህ ነው? ሽታው እዚህ ደረሰ እኮ።»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደፊት መጣ። አጠገቤ የነበሩት የማኅበሬ ሴቶች አልሳቁም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እግሬን አዩ። እግሬን ወንበሩ ሥር አስገባሁት። ነጠላዬን ወደታች ብስበው አልደረሰልኝም፤ አዲሱ ነጠላ አጭር ነበር። ተጨበጨበ። የልጅ ልጄ ወደፊት ተጠራች፤ አንዲት ልጅ ተነሥታ ክዳኑ ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቀቻት።

«ክፍት መጨረሻ ነው» አለች የልጅ ልጄ፣ እኔን ሳታየኝ። «ተመልካቹ ራሱ ይሙላው።»

ተመልካቹም ሞላው።

በማግስቱ ላፕቶፗን ይዛ እንድትቀመጥ አዘዝኳት። «ያ መኪና የት ነው ያለፈው?» አልኳት።

«ሌላ ቦታ ነው የቀረጽኩት። ሱቅ አጠገብ።»

«እኔ ምን አይቼ ነው የቆምኩት?»

አፈረች። «ውሻ።»

«የማን ውሻ?»

«የመካኒኩ። ቢጫው።»

«አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። ውሻው መሀል መንገድ ተኝቶ እግሬን ቀና ብሎ ያያል። መኪናውን አውጥታ ውሻውን በቦታው አስገባች፤ ፊልሙን አስኬደችው። ያው እግር፣ ያው መቆም፤ አሁን ግን የሚያስቅ ሆነ። አንዲት አሮጊት ውሻ ፈርታ ቆማለች፣ በቃ። መልሳ መኪናውን አስገባችው። ያው እግር ወንጀለኛ ሆነ። እግሬ አንድ ነገር አልጨመረም፣ አንድ ነገር አልቀነሰም።

«አየሽ» አልኳት። «መንገዱ አላገናኘንም። አንቺ ነሽ እኔንና ፖሊሱን ያገናኘሽን።»

«በውሻ ግን ሰው አይፈራም ሐቦባ። ተንጠልጥሎ የሚቆይበት ነገር የለውም።»

«ይቆይ አላልኩም እኮ። ስታንጠለጥዪ አንጠልጥዪ፤ ግን አውርጂኝ። ለምን አልከፈትሽውም?»

«ፊልሙ እንደዚያ ይሻላል ብዬ ነው» አለች። ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነበር። መልሱ መልስ አልመሰለኝም። እኔም ደግሞ እንድትከፍተው ላዛት አልቻልኩም፤ ክዳኑ ቢከፈት ሐጃ ናት የምትጋለጠው። ፍትሕ እየጠየቅኩ ፍትሑን ራሴ እንደያዝኩት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የወሩ የማርያም ጽዋ ተራው የእኔ ነበር። ጥቂት ቀን ሲቀረው የማኅበሩ ሙሴ ቤቴ መጣች። ሙሴ ማኅበሩን የምትመራው ናት፤ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ሁልጊዜ እርስዎ ትለኛለች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጾም ነው ብላ ሳትጠጣ ብርጭቆውን በእጇ ታሽከረክራለች።

«እትዬ፣ ጽዋው በዚህ ወር ሌላ ቤት ይለፍ ብለናል» አለችኝ።

«ማናችሁ ያላችሁት?»

«ሁላችንም። ወሬው ትንሽ እስኪበርድ ነው። እኛ እኮ እናውቅዎታለን።»

«ታውቁኝ ከሆነ ለምን ጽዋውን አትጠጡልኝም?»

ብርጭቆውን ማሽከርከር ተወች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ድስቱ ውስጥ ምን ነበር እትዬ? ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» አለች።

«ምግብ ነው።»

«ለማን? በረመዳን፣ በቀትር፣ ለሙአዚን ሚስት?»

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷም መዝጋቴን አየችው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ አዳራሹ እንኳ እንደዚያ አላደረገኝም። በአዳራሹ የማያውቁኝ ናቸው የሳቁት። ይህቺ ግን ልጇን ክርስትና ያነሣሁላት ሴት ናት። ብርጭቆውን ሳትጠጣለት አስቀምጣ፣ ጉንጬን ስማኝ ወጣች። የታመመ ሰው የምትስም ትመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላ ቆሜ ቅዳሴው ሳያልቅ እወጣ ጀመር። እግሬን ሰው እንዳያይብኝ ረጅም ቀሚስ አሰፋሁ። ይህንን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ያላጠፋሁ ሰው እግሬን ስደብቅ።

አጥሚቱን ግን አልተውኩም። ፊልሙ በስልክ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሰፈራችን ደርሶ ነበር፤ ያንን አረንጓዴ በር ደግሞ ከእግሬ ይልቅ ያውቁታል። ሐጃ ከሁሉ በኋላ ሰማች። አንድ ቀን ድስቱን ስሰጣት ሳትከፍተው ቁጭ ብላ አየችኝ።

«ያ ኡኽቲ፣ ምን እያመጣሽልኝ ነው የምትባዪው?»

ድስቱን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት።

«ግማሹ ሰው ትጠጣዋለች ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ትደብቅላታለች ይለኛል፤ የሙአዚን ቤት ከሻ አይገባም ብለን።» ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «አጥሚት መጠጣት አሳፍሮኝ ተደበቅኩ፤ አላህ ደግሞ አረቄ አጠጣኝ። ወላሂ ይገባኛል።»

እኔ አልሳቅኩም። ሳቋ ሲያልቅ እጄን ያዘችኝ።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አደራ ብለሽኝ።»

«ጽዋሽን ከለከሉሽ አሉ።»

«ከለከሉኝ።»

ማንኪያዋን አነሣች። «እሺ» አለች። «ለዒድ ነይ። ሴቶችሽንም ይዘሽ ነይ። ድስቱንም።»

ፋሲካ አልፎ ዒድ ሲመጣ፣ እንደ ልማዳችን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ሐበሾቹም ወደ እስላም ጎረቤቶቻችን እንሄዳለን። ሙሴዋን ራሴ ሄጄ ጠራኋት፤ ለዒድ ነው ስላት እምቢ ማለት አልቻለችም። ሌሎቹም ተከትለዋት መጡ። እኔ የዚያን ቀን ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ገብሱን አበሰልኩ። ፋሲካ አልፏልና ጨዉን ቀመስኩ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ድስቱን በሁለት እጄ ፊት ለፊቴ ይዤ በቅያሱ ሄድኩ። የመካኒኩ ውሻ ያው ቦታው ላይ ተኝቶ ነበር። ዞሬው አለፍኩ።

የልጅ ልጄ ከኋላዬ ነበረች። ስልኳን አውጥታ እንደሆነ ዞሬ አየኋት፤ አላወጣችም።

የሐጃ ክፍል በሴት ሞልቷል፤ የሰፈሩ ሴቶች በአንድ ወገን፣ የእኛ በሌላው፤ መሀል ላይ የዒድ ብስኩት በትልቅ ሳህን። ሐጃ ድስቱን ከእጄ ተቀብላ መሀል አስቀመጠችው።

«ይህ ድስት ረመዳኑን ሙሉ እኔ ጋ ሲመላለስ ነበር» አለች። «ፊልሙን ሁላችሁም አይታችኋል። ፊልሙ ያልከፈተውን እኔ ልክፈትላችሁ።»

ክዳኑን አነሣችው። እንፋሎቱ ወጣ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ስኒ አምጥታ ቀድታ ለአንዷ ሰጠቻት፣ ለሌላዋ ሰጠቻት፣ ለሙሴያችን ሰጠቻት።

«ስኳር ታምሜ አልጾምኩም» አለች ሐጃ። «እንዳታውቁብኝ ፈለግሁ። ይህቺ ሴት በራሷ ጾም ላይ ሆና አበሰለችልኝ፤ እናንተ ደግሞ ሰደባችኋት። ሐሜቱ የእኔ ነው፤ ወደ እኔ መልሱት።»

ከሰፈሩ ሴቶች አንዲቱ ተነሥታ የሐጃን ግንባር ሳመች። ሙሴያችን ስኒውን ጨርሳ አስቀመጠችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «የሚቀጥለው ወር ጽዋ እርስዎ ቤት ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን የልጅ ልጄ በሩ አጠገብ ቆማ ድስቱን ስታይ አየኋት። ፊቷ የእኔ ፊት በዚያ አዳራሽ እንደነበረው ሆኖ ነበር።

ባዶውን ድስት ይዤ ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። እሷ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ቅያሱ መታጠፊያ ላይ፣ እግሬ በፊልሙ የቆመበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

«አሁን ንገሪኝ» አልኳት። «ፊልሙ ይሻላል እንዳትዪኝ። ለምን አልከፈትሽውም?»

መሬቱን አየች። አማርኛው ጠፋባት መሰለኝ፤ በዐረብኛ ጀመረችና ተወችው፤ እንደገና በአማርኛ ጀመረች።

«ሐቦባ፣ ትምህርት ቤት እያለሁ አያትሽ አረቄ ሻጭ ናት ይሉኝ ነበር። ሁሉንም የሐበሻ ልጅ እንደዚያ ነበር የሚሉት። አንቺን ስጠይቅሽ ደግሞ አትጠይቂኝ አልሽኝ። በረመዳን፣ በቀትር፣ ወደ ሐጃ ቤት ምግብ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። እናቴን በእሱ ያሳደግሻት መሰለኝ። አላፈርኩብሽም፣ ወላሂ፤ ሰው እንዲፈራልሽ ብዬ ነው መኪናውን ያስገባሁት። ፊትሽን ያላሳየሁት እንዳይይዙሽ ነው። ክዳኑን ያልከፈትኩት እኔም አረቄ መስሎኝ ነው።»